ብርድ የማያግዳት የእሳት እራት

ኅዳር ሲጋመስ በእንግሊዝ የኦክ ደኖች ውስጥ የነፍሳት ወቅት አልቋል። ቅጠሉ ረግፏል፤ ቢራቢሮዎቹ ሞተዋል ወይም በየስንጥቁ ተሸጉጠዋል፤ ትል ለቃሚ የሆኑት ስደተኛ ወፎች ወደ አፍሪካ ወርደዋል። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ጥቂት ብቻ ከፍ ባለበት ምሽት ግን በጫካው መንገድ የሚያልፍ ሾፌር በመኪናው መብራት ፊት አመድማ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ክንፋሞች ሲርገበገቡ ያያል። ሌላው ሁሉ ሲከተት እነሱ ገና መውጣታቸው ነው።

እነዚህ ኦፐሮፍቴራ ብሩማታ የሚል ሳይንሳዊ ስም ያላት የእሳት እራት ወንዶች ናቸው። ለሳይንስ ያስተዋወቃት ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መጠኗ ትንሽ፣ መልኳ ተራ ቢሆንም ስለ እሷ የተጻፈው ጥናት ከብዙ ትልልቅ እንስሳት ይበልጣል። ምክንያቱም አንዳንድ ዓመት ፈልገው የሚያጧት፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ደኑን በግንቦት ቅጠል አልባ የምታደርግ መሆኗ ነው። ይህን ከፍታና ዝቅታ የሚወስነው ምንድን ነው? ሰባ ዓመት ያህል የተደረገው ጥናት ሲጠቃለል ሁለት ጠባብ በሮችን ያሳያል፦ በሚያዝያ የሚገኙ ጥቂት ቀናትንና ከሰኔ እስከ ኅዳር በአፈር ውስጥ የሚያልፉ አምስት ወራትን።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ የእሳት እራትን ጥፋት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው በልጆቿ፣ በተምች በኩል ነው። ነባሩ ተምችም ሆነ በ2017 አገር ውስጥ የገባው የአሜሪካ ተምች እናቶቻቸው በሌሊት ነፋስ ተሳፍረው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣሉ። የዚህችኛዋ ነገር የተለየ ነው። ሴቷ ከዛፍ ዛፍ እንኳ መብረር አትችልም።

ወንዱና ሴቷ

የወንዱ መልክ ዓይን አይስብም። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናሉ። የፊተኞቹ ግራጫ ያዘለ ቡናማ ሲሆኑ ደብዛዛ ሞገዳማ መስመሮች ያቋርጧቸዋል፤ የኋለኞቹ ነጣ ያሉና ጌጥ የሌላቸው ናቸው። ግንድ ላይ ሲያርፍ ከቅርፊቱ መለየት ያስቸግራል።

ሴቷን ያየ ሰው ግን የአንድ ዝርያ ጥንድ ናቸው ብሎ አይገምትም። ሰውነቷ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሆዷ በእንቁላል ተወጥሯል፤ እግሮቿ ረጃጅም ናቸው። ክንፍ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ አራት አጫጭር ቁራጮች ብቻ ቀርተዋል። ባትሪ ይዞ ወደ ግንዱ የቀረበ ሰው መጀመሪያ ሸረሪት ናት ብሎ ያልፋታል።

ሲመሽ ከአፈር ትወጣና በአቅራቢያዋ ያገኘችውን ቀጥ ያለ ነገር ይዛ ወደ ላይ መውጣት ትጀምራለች። ብዙውን ጊዜ ያ ነገር ትል ሆና ቅጠሉን የበላችለት ዛፍ ግንድ ነው፤ አንዳንዴ ግን የአጥር እንጨት ወይም የቤት ግድግዳ ይሆንባታል። ግንዱ ላይ እንዳለች ከሆዷ ጫፍ ለወንዶች የሚሆን ሽታ ትለቃለች። ኬሚስቶች ይህን ሽታ በ1982 ለይተው አውጥተውታል፦ አሥራ ዘጠኝ የካርቦን አቶሞችና አራት ድርብ ትስስሮች ያሉት ሃይድሮካርቦን ነው። ወንዶቹ ሽታውን በአንቴናቸው ተከትለው ይመጡና ግንዱ ላይ አርፈው በእግራቸው እየተርመሰመሱ ይፈልጓታል። ከተገናኙ በኋላ እሷ ወደ ቅርንጫፎቹ ትቀጥላለች፤ ከ100 እስከ 200 የሚደርሱ እንቁላሎቿንም በቅርፊት ስንጥቅና በእምቡጦች አጠገብ በትንሽ በትንሹ እየሸጎጠች ትጥላለች። እያንዳንዱ እንቁላል ከጤፍ ቅንጣት ያንሳል። ወንዱም ሴቷም በዚህ ዘመናቸው ምንም አይመገቡም፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ትል ሳሉ ያጠራቀሙት ስብ ነው። ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላቸው ይሞታሉ።

ለዚህ ሁሉ የብርድ ወራት ለምን ተመረጠ? ብዙ ተመራማሪዎች የሚስማሙበት መልስ ጠላት የሚያንስበት ጊዜ መሆኑ ነው። የሌሊት ወፎች እስከ ጸደይ ተኝተዋል፤ ነፍሳት በሊታ ወፎች አብዛኞቹ ሄደዋል። የሚከፈለው ዋጋ ቅዝቃዜው ነው። ትልልቅ የእሳት እራቶች ከመነሳታቸው በፊት ክንፋቸውን እያንቀጠቀጡ የደረታቸውን ጡንቻ ያሞቃሉ፤ ካልሞቀ አይበሩም። ባዮሎጂስቱ በርንድ ሃይንሪክ በ1980ዎቹ የዚህች የእሳት እራት የቅርብ ዘመድ የሆነችውን አሜሪካዊቷን ኦፐሮፍቴራ ብሩሴያታን ሲያጠና ያገኘው ግን ሌላ ነገር ነበር። ወንዶቹ ሰውነታቸው እንደ አየሩ ቀዝቅዞ እያለ፣ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይበራሉ። የሚችሉት ክንፋቸው ለሰውነታቸው ክብደት በጣም ሰፊ ስለሆነ ነው፤ የቀዘቀዘ ጡንቻ የሚያወጣው ትንሽ ኃይል ያን ቀላል ሰውነት ለማንሳት ይበቃል።

በእንቁላል የከበደች ሴት በዚህ ስሌት አትነሳም። ስለዚህ ለክንፍና ለበረራ ጡንቻ ይውል የነበረው ሀብት በዝግመተ ለውጥ ወደ እንቁላል ዞሯል። ይህ የእሷ ብቻ ዕጣ አይደለም። በዚያው ወቅት በዚያው ደን የምትወጣው ኤራኒስ ደፎሊያሪያና ሌሎችም የብርድ ወራት የእሳት እራቶች ሴቶቻቸው ክንፍ አጥተዋል።

እንቁላሉ የሚጠብቀው ቀን

አዲስ የተጣለ እንቁላል ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ብርቱካናማ ይሆናል፤ በረዶውንም እንዲሁ ያሳልፋል። ሊፈለፈል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በውስጡ የጎለመሰችው ትል ስለምታሳይ ቀለሙ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይጠጋል። የመፈልፈያውን ቀን በዋናነት የሚወስነው የብርድ ወራቱና የጸደዩ ሙቀት ነው። የኦክ ዛፉም እምቡጡን የሚከፍተው ሙቀትን እያዳመጠ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ሙቀቱን የሚቆጥሩበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ጭንቀቱ ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ቀድማ የወጣች ትል የተዘጋ እምቡጥ ይጠብቃታል። ርዝመቷ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ያለ ምግብ የምትቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ዘግይታ የወጣችም አትድንም። የኦክ ቅጠል በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፤ በውስጡ ያለው ውኃና ፕሮቲን ይቀንሳል፤ ታኒን ደግሞ ይጨምራል። ታኒን ቆዳ ፋቂዎች ቆዳ የሚያለፉበት ንጥረ ነገር ነው። በቅጠል ውስጥ ሲበዛ ከፕሮቲኑ ጋር ተጣብቆ ለትሏ እንዳይፈጭ ያደርገዋል። ፖል ፊኒ የተባለው ተመራማሪ በ1970 ባሳተመውና ከዚያ ወዲህ እጅግ በተጠቀሰው ጥናቱ፣ ትሎቹ በጸደይ መጀመሪያ ለምን እንደሚሻሙ ያስረዳው በዚህ ለውጥ ነው። ዘግይታ የምትመገብ ትል ቀስ ብላ ታድጋለች፤ ክብደቷም ያነሰ ይሆናል። ክብደቷ ያነሰ ሴት ደግሞ ጥቂት እንቁላል ትጥላለች።

ነገሩን የሚያወሳስበው በአንድ ደን ውስጥ ያሉት የኦክ ዛፎች እንኳ በአንድ ቀን አለማቆጥቆጣቸው ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዛፎች በሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። እናት ደግሞ ክንፍ ስለሌላት ዛፍ አትመርጥም፤ ያገኘችው ላይ ትወጣለች።

ቀኑ የሰመረላት ትል በመከፈት ላይ ባለው እምቡጥ ሽፋኖች መካከል ሰርጋ ትገባና ያልተዘረጋውን ቅጠል ከውስጥ ትበላለች። ያልሰመረላት አንድ መውጫ አላት። ቀጭን የሐር ክር ትለቅና ነፋስ እስኪወስዳት ትጠብቃለች። ብዙዎቹ የትም ወድቀው ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የተከፈተ እምቡጥ ያለው ዛፍ ላይ ያርፋሉ። ዝርያዋ ከዛፍ ዛፍ የምትዛመተው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው። ለዚህ ጉዞ የሚረዳት አፏ መራጭ አለመሆኑ ነው፦ ኦክ፣ ፖም፣ በርች፣ ሜፕል፣ ብሉቤሪ፣ ያገኘችውን ትበላለች።

ያደገችዋ ትል አረንጓዴ ናት፤ በጎኖቿ ነጣ ያሉ መስመሮች ይወርዳሉ። ከፊት ሦስት ጥንድ እግሮች፣ ከኋላ ሁለት ጥንድ ሥጋማ እግሮች አሏት፤ መሐሏ ላይ ምንም የለም። ስለዚህ ስትሄድ ጀርባዋን እንደ ቅስት ከፍ አድርጋ የኋላዋን ወደ ፊቷ ታስጠጋለች፤ ከዚያ ፊቷን ትዘረጋለች። አራት ጊዜ ቆዳዋን ትቀይራለች። በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ርዝመቷ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ሲደርስ በሐር ክር ተንጠልጥላ ወደ መሬት ትወርዳለች፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ አፈሩ ትገባለች፤ ሐሯን ከአፈር ጋር ለውሳ ማደሪያ ትሠራለች። በውስጡም ሳይንሱ ፑፓ ወደሚለው፣ የማይበላና የማይራመድ ደረጃ ትሸጋገራለች። እስከ ኅዳር ከዚያ አትወጣም።

በዋይተም ደን የተቆጠረው

ስለ እነዚህ ሁለት በሮች በቁጥር የተናገሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጆርጅ ቫርሊና ጆርጅ ግራድዌል ናቸው። ሁለቱ የነፍሳት ተመራማሪዎች በኦክስፎርድ አቅራቢያ በሚገኘው፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲው በተሰጠው የዋይተም ደን ውስጥ አምስት የኦክ ዛፎች መርጠው ከ1950 ጀምሮ ከ15 ዓመታት በላይ ቆጠሩ። የሴቷ ክንፍ አልባነት ለእነሱ ሥራ ተመቸ። በግንዶቹ ላይ በገጠሟቸው ወጥመዶች ወደ ላይ የሚወጡትን ሴቶች ያዙ፤ ከዛፎቹ ሥር ባስቀመጧቸው ትሪዎች በክር የሚወርዱትን ትሎች ለቀሙ፤ ትሎቹንም እየከፈቱ በውስጣቸው ጥገኛ ነፍሳት መኖር አለመኖሩን መረመሩ።

ከ1955 እስከ 1956 ያለው የአንድ ትውልድ ሒሳብ ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት ይጠቀሳል። ከዛፉ ጥላ ሥር ባለ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ስሌት 4.4 ገደማ ሴቶች ወጡ፤ 658 እንቁላሎችም ጣሉ ተብሎ ተገመተ። በሰኔ አድገው ወደ መሬት የወረዱት ትሎች ግን 96 ብቻ ነበሩ። ከ100 እንቁላል 85 ያህሉ በመካከል ጠፍተዋል ማለት ነው። ከወረዱት 96 ውስጥ 13 ያህሉን ጥገኛ ነፍሳትና አንድ ደቂቅ ተህዋስ ገደሏቸው። ወደ 55 የሚጠጉ ፑፓዎችን በአፈር ውስጥ አዳኞች በሏቸው፤ ሌሎች 13 ደግሞ ክራትኒውሞን ኩሌክስ የምትባል ጥገኛ ተርብ ሰለባ ሆኑ። በኅዳር ከአፈር የወጡት አዋቂዎች 15 ነበሩ፤ ግማሾቹ ሴቶች። 658 እንቁላል ተጥሎ ሕዝቡ በዚያ ዓመት እጥፍ እንኳ አልሆነም።

ቫርሊና ግራድዌል ዓመቱን ከዓመት ሲያነጻጽሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ጎልተው ወጡ። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እንዲዋዥቅ የሚያደርገው የመጀመሪያው ኪሳራ፣ ማለትም በእንቁላልና ባደገች ትል መካከል የሚደርሰው ሞት ነው። የዚህም ትልቁ ምክንያት እንቁላሉና እምቡጡ ቀን አለመገጣጠማቸው ነው። በአፈር ውስጥ የሚደርሰው ሞት ግን ሌላ ጠባይ አለው፦ ፑፓው ሲበዛ የሚበላው ድርሻም ይበዛል፤ ሲያንስ ያንሳል። በላተኞቹ መሬት ለመሬት የሚሄዱ ጢንዚዛዎችና አይጥ መሰል ትንንሽ አጥቢዎች ናቸው። ሚያዝያ ቁጥሩን ያናውጠዋል፤ አፈሩ ይመልሰዋል። በ1960 ያሳተሙት ይህ የሒሳብ ዘዴ ከዚያ ወዲህ የሌሎች ብዙ እንስሳትን ቁጥር ለማጥናት አገልግሏል።

ባሕር ተሻግራ

አፈሩ ያልጠበቃት ቦታ ምን ትሆናለች? መልሱ ከካናዳ መጣ። በ1930ዎቹ፣ ምናልባትም ከችግኝ ጋር በመጣ አፈር፣ ወደ ኖቫ ስኮሺያ ገባች። ለዓመታት ከአገሬው ተባይ ጋር ተምታታ ቆይታ ማንነቷ የታወቀው በ1949 ነው። እስከዚያው የቀይ ኦክ ደኖችና የፖም እርሻዎች ብዙ ተጎድተዋል።

ካናዳውያኑ ከ1954 ጀምሮ ከአውሮፓ ስድስት ዓይነት ጥገኛ ነፍሳት አምጥተው ለቀቁ። ሥር የሰደዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፦ አግሪፖን ፍላቬኦላተም የተባለች ተርብና ሲዜኒስ አልቢካንስ የተባለች ዝንብ። ሥራውን ሲከታተል የነበረው ዲ. ጂ. ኤምብሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የእሳት እራቷ ቁጥር ማሽቆልቆሉን ዘገበ፤ ጉዳዩም ነፍሳትን በነፍሳት የመቆጣጠር ዋና ምሳሌ ሆነ።

የዝንቧ አሠራር በቅርብ ቢታይ ያስገርማል። ትሏን አትነካትም። ትሎች የተመገቡባቸውን፣ ከተቆረሱበት ፈሳሽ የሚያወጡ ቅጠሎችን በጠረናቸው ትለይና በዓይን የማይታዩ ለማለት በሚያስችል መጠን ያነሱ እንቁላሎቿን በጠርዛቸው ላይ ትረጫለች፤ አንዲት ዝንብ ከሺህ በላይ ትጥላለች። ትሏ ቅጠሉን ስትበላ እንቁላሉን አብራ ትውጣለች። እንቁላሉ በአንጀቷ ይፈለፈላል፤ የዝንቧ ትል ግድግዳውን በስታ ወደ ምራቅ ዕጢዋ ትገባና ትጠብቃለች። አስተናጋጇ እየበላች ታድጋለች፤ በክር ትወርዳለች፤ አፈር ውስጥ ገብታ ፑፓ ትሆናለች። እንግዳዋ የምትነሳው ያኔ ነው። የፑፓዋን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ትበላና በባዶው ቅርፊት ውስጥ ራሷ ፑፓ ሆና እስከ ጸደይ ትቆያለች።

ይቺ ዝንብ በዋይተም ቁጥራዊ ሚናዋ አነስተኛ ነበር፤ በ1955 ከገደለቻቸው ይልቅ የአፈር አዳኞች የበሏቸው ይበዙ ነበር። ታዲያ በካናዳ ለምን ተሳካላት? ጄንስ ሮላንድ የተባለው ሳይንቲስት በ1980ዎቹ ጥያቄውን እንደገና አነሳው። በኖቫ ስኮሺያ የቆየውን መረጃ ሲመረምርና በኋላ የእሳት እራቷ በገባችበት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሲያጠና፣ ዝንቧ ከተለቀቀች በኋላ በአፈር ውስጥ ያለው የፑፓ ሞትም በብዙ መጨመሩን አገኘ። ያን ጭማሪ ያመጡት የአገሬው ጢንዚዛዎችና ሌሎች አዳኞች ናቸው። በእሱ ንባብ ዝንቧ ቁጥሩን ትሰብራለች፤ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ የሚያደርጉት ግን የአፈሩ በላተኞች ናቸው። ሮላንድና ኤምብሪ በ1995 ሁለቱን አስተያየቶች በአንድ የዳሰሳ ጽሑፍ አቀናጅተው አቅርበዋቸዋል።

ክርክሩ በአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ ግዛት እንደገና ለፈተና ቀረበ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በምሥራቃዊ የግዛቲቱ ክፍል ዛፎች በጸደይ ቅጠላቸውን ማጣት ጀመሩ፤ አድራጊዋ ማን እንደሆነች የተረጋገጠው በ2003 ነው። በቦስተን አካባቢ የሚኖር አንባቢ በኅዳር መጨረሻ በበረንዳው መብራት ዙሪያ ወንዶቹን ሳያያቸው አይቀርም። የፖምና የብሉቤሪ አምራቾች ችግር ከሌሎች የባሰ ነበር፤ እምቡጡ ውስጥ የገባች ትል ከቅጠሉ ጋር አበባውንም ትበላለች። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ኤልኪንተንና ባልደረቦቹ ከ2005 ጀምሮ ዝንቧን ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ እያመጡ በኒው ኢንግላንድ ከ40 በላይ ቦታዎች ለቀቁ። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። በዝንብ የተያዙ ፑፓዎች በላቦራቶሪ ተለይተው በመከር በሽቦ ወንፊት በተሸፈነ ሳጥን አፈር ውስጥ ይቀበራሉ፤ ብርዱን እዚያው አሳልፈው በጸደይ ሲወጡ ይለቀቃሉ። በብዙዎቹ ቦታዎች ዝንቧ ከተቋቋመች በኋላ የእሳት እራቷ ቁጥር በእጅጉ ወርዷል። ቡድኑ በአፈር ውስጥ ያለውን ሞት ሲለካም የአገሬው በላተኞችና ጥገኛ ተርቦች ድርሻ ትልቅ ሆኖ አግኝቶታል።

አንድ እክል ግን ነበር። የብሩሴያታ ሴት የምትለቀው ሽታ ከብሩማታዋ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ይህ ሽታ በተደረገበት ወጥመድ የሚያዙት ወንዶች የሁለቱም ድብልቅ ናቸው፤ ዝርያዎቹም ይዳቀላሉ። መጤዋ እስከየት እንደደረሰች በእርግጠኝነት የታወቀው ዲኤንኤ ከተመረመረ በኋላ ነው።

የሚፋጠነው ጸደይ

የመጀመሪያው በር፣ የሚያዝያው፣ አሁን ቦታውን እየለወጠ ነው። በኔዘርላንድስ ማርሴል ቪሰርና ሊዮናርድ ሆለማን በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ጸደዩ በመሞቁ ምክንያት እንቁላሎቹ ኦኩ ከሚያቆጠቁጥበት ቀን ቀድመው መፈልፈላቸውን አሳዩ። የብርድ ወራቱ ውርጭ ብዙም ሳይቀንስ ጸደዩ ብቻ ስለሞቀ፣ እንቁላሉና ዛፉ ሙቀትን የሚቆጥሩበት ልዩነት ሰፋ። በረሃብ የሚሞቱት ቀዳሚዎቹ ትሎች ናቸው።

እንዲህ ያለ ሞት በየዓመቱ የሚደጋገም ከሆነ የሚተርፉት ዘግይተው የሚፈለፈሉት ይሆናሉ፤ መዘግየቱ ደግሞ ይወረሳል። የቪሰር ቡድን አባል የነበረችው ማርግሪት ቫን አሽና ባልደረቦቿ ይህን አስቀድመው ተንብየው ነበር። በ2013 ያሳተሙት ውጤት የእንቁላሎቹ የመፈልፈያ ቀን በዘር መለወጡንና ከኦኩ ጋር እንደገና መቀራረቡን አሳየ። የአየር ንብረት ለውጥ በዱር እንስሳ ላይ የዘር ለውጥ እንዳመጣ በግልጽ ከታየባቸው ጥቂት ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው። በዓመት አንድ ትውልድ ያላትና ብዙ እንቁላል የምትጥል ፍጥረት መሆኗ ሳይረዳት አልቀረም።

ትሎቹን የሚጠብቁት ወፎች እንዲህ ፈጣን አይደሉም። ግሬት ቲት የምትባለው ትንሽ ወፍ ጫጩቶቿን የምትመግበው በዋናነት በእነዚህና በመሰል ትሎች ነው፤ ጥንዶቹ በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ትሎች ወደ ጎጆ ያመላልሳሉ። ጫጩቶቹ በብዛት መብላት ያለባቸው ትሎቹ ወደ አፈር ከመውረዳቸው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ነው። ወፏ እንቁላሏን የምትጥለው ግን ከዚያ አንድ ወር ቀድማ፣ ትሎቹ ገና ደቃቅ ሳሉ ስለሆነ ቀኑን መገመት አለባት።

በዚህ ላይ የተገኙት ውጤቶች አንድ አይደሉም። በዋይተም ከ1947 ጀምሮ በተያዘው የወፎች መዝገብ ላይ ተመሥርታ አን ሻርማንቲየ ከባልደረቦቿ ጋር በ2008 ባሳተመችው ጥናት፣ ወፎቹ እንቁላል የሚጥሉበትን ቀን ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ አስቀድመው ከትሎቹ ጋር እኩል መራመዳቸው ታይቷል። በኔዘርላንድሱ የሆኸ ፌሉወ ደን ያሉት የዚያው ዝርያ ወፎች ግን ወደ ኋላ ቀርተዋል። ልዩነቱ የመጣው በሁለቱ ቦታዎች ጸደዩ የሞቀበት ወቅት ስላልተመሳሰለ ሊሆን ይችላል፦ እንቁላል ከመጣሉ በፊት ያለው ሙቀትና ትሎቹ የሚያድጉበት ሙቀት አብረው ካልጨመሩ፣ ወፏ የምታነበው ምልክት ያሳስታታል። በምዕራብ አፍሪካ ከርማ የምትመለሰው ፓይድ ፍላይካቸር የባሰ ገጥሟታል። ጉዞዋን የምትጀምረው የአውሮፓን ጸደይ ሳታይ ነው። ክርስቲያን ቦትና ባልደረቦቹ በ2006 እንደዘገቡት፣ የትሎቹ ከፍተኛ ወቅት በጣም በቀደመባቸው የኔዘርላንድስ ደኖች የዚህች ወፍ ቁጥር በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ 90 በመቶ ያህል ወርዷል።

በሰሜን ጫፍ

ሙቀቱ የእሳት እራቷን የጎዳበት ቦታ እንዳለ ሁሉ የጠቀመበትም አለ። በሰሜን ኖርዌይ፣ ስዊድንና ፊንላንድ የተራራ በርች ደኖች የእሳት እራት ትሎች በየአሥር ዓመቱ ገደማ በብዛት ይነሳሉ። እዚያ የኖረችው ዋና አጥፊ ኤፒሪታ አውቱምናታ የተባለች ዘመዷ ነበረች። እንቁላሎቻቸው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ወደ 35 ዲግሪ ሲወርድ ይሞታሉ፤ ያን ያህል የሚበርድባቸው ሸለቆዎችና ውስጣዊ አካባቢዎች ለዘመናት ከጥፋት ተጠብቀው ቆይተዋል። ጄን ኡህድ የፕሰንና ባልደረቦቿ በ2008 ባወጡት ጥናት ብሩማታ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ፣ ኤፒሪታ ደግሞ ወደ ቀዝቃዛዎቹ ውስጣዊ ስፍራዎች ወረርሽኛቸውን ማስፋታቸውን አሳይተዋል። ከ2002 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ሁለቱ ወደ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የበርች ደን ቅጠል በልተዋል።

በርች አንድ ዓመት ቅጠሉን ቢያጣ ይመለሳል። ተከታታይ ዓመታት ሲደጋገምበት ግን ይደርቃል፤ ትሎቹም ከዛፉ ሥር ወዳሉት ቁጥቋጦዎች ይወርዳሉ። የቤሪ ቁጥቋጦዎቹ ሲሞቱ በቦታቸው ሣር ይተካል። በዚያ ምድር ሬንዲር የተባለውን አጋዘን የሚያረቡት የሳሚ ሕዝቦች የግጦሽ መሬታቸው መልክ ሲቀየር አይተዋል።

ገበሬውና የደን ጠባቂው

መከላከያዎቹ የተቀዱት ከሕይወት ዑደቷ ነው። ከሁሉ የቆየው የአውሮፓ የፖም አምራቾች ዘዴ ሲሆን፣ በጥቅምት መጨረሻ በግንዱ ዙሪያ የሚያጣብቅ ቅባት የተቀባ ጥብጣብ ማሰር ነው፤ ወደ ላይ የምትወጣው ሴት እዚያው ተይዛ ትቀራለች። ለጥቂት የጓሮ ዛፎች ጥሩ ነው። ጎረቤት ደን ካለ ግን በጸደይ በክር የሚበሩት ትሎች ጥብጣቡን አያውቁትም። በትልልቅ እርሻዎች ከእምቡጡ መከፈት በፊት እንቁላሉን የሚያፍን ዘይት፣ ትሎቹ ትንንሽ ሳሉ ደግሞ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ ይረጫል። ባክቴሪያው የሚሠራው ትሏ ከቅጠሉ ጋር ከበላችው ብቻ ነው፤ በተዘጋ እምቡጥ ውስጥ ያለችውን አያገኛትም። ለደን ግን ርጭት አይታሰብም፤ ለዚያ የቀረው ዝንቧ ናት።

በአሜሪካዋ የሜይን ግዛት ውስጥ ዛፎች በዚህች የእሳት እራት ቅጠላቸውን ሲያጡ የታየው በ2012 ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ዝንቧ እዚያም ተለቀቀች። ዝንቧ ለመቋቋም ግን ዓመታት ትፈልጋለች፤ የእሳት እራቷ ደግሞ በሰው እጅ ርቃ መጓዝ ትችላለች። የግዛቲቱ የደን ባለሙያዎች ለነዋሪዎች የሚሰጡት ምክር በዚህ ላይ ያተኩራል፦ ወረርሽኝ ካለበት ሰፈር ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ አፈርም ሆነ ከነአፈሩ የተነቀለ ችግኝ ወደ ሌላ ቦታ አይወሰድ፤ ፑፓዎቹ ያሉት እዚያ ውስጥ ነውና።